ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው፦ ያለ ገመድ ፈረስ ማሠልጠን

(ቢሾፍቱ ውስጥ ለጋሪ ነጂዎች፣ ለፈረስ ባለቤቶችና ለጀማሪ ጋላቢዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ። በተለይ ጋሪ ነጂዎቹን። አንድ ከሰዓት ቀረ ማለት ለእናንተ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

ያደግሁት እንጅባራ አካባቢ ነው። አባቴ ፈረስ ሊይዝ ወደ መስክ ሲወጣ ቀጥ ብሎ ወደ ፈረሱ አይሄድም ነበር። ጤዛው ሳይረግፍ ይነሣል። ገመዱን ከጀርባው ይይዝና ሌላ ጉዳይ ያለው ሰው ይመስል አግድም ያዘግማል። ፈረሱ ቀና ሲል እሱ ቆሞ ፊቱን ወደ ተራራው ያዞራል። ፈረሱ ወደ ሣሩ ሲመለስ ደግሞ ሁለት ሦስት እርምጃ። እኔ ልጅ ነኝ፣ ትዕግሥቴ ቶሎ ያልቃል። እሮጣለሁ። ፈረሱም ይሮጣል። ያን ጊዜ አባቴ ሳይቆጣ እንዲህ ይለኛል፦ «ዓይንሽን አንሺለት። በዓይንሽ እየገፋሽው እንዴት ይምጣ?»

በዓይን መግፋት! ያኔ ነገሩ አልገባኝም። የገባኝ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው፣ ያውም ከአገሬ ርቄ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ። ከዋሽንግተን በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ወጣ ሲባል ፈረስ የሚረባበት አገር አለ። እዚያ አንድ ጋጣ ውስጥ ፋንድያ በመዛቅ ጀመርኩ። ቀስ በቀስ ፈረሶቹን ማውጣት፣ ማጠብ፣ ማንሸራሸር ሰጡኝ። በኋላም ማሠልጠን። ዛሬ የምነግራችሁ እዚያ የተማርኩትንና አባቴ አስቀድሞ ሊነግረኝ የሞከረውን ነው።

የማወራው ስለ ግልቢያ አይደለም። ኮርቻ የለም። ልጓም የለም። መጨረሻ ላይ ገመድም የለም። እኛም በእግራችን ቆመናል፣ ፈረሱም ተፈቷል። መሄድ ከፈለገ መሄድ ይችላል። እኛ ያለን ዓይናችን፣ ትከሻችን፣ እርምጃችንና ትንፋሻችን ነው። በነዚህ ብቻ ፈረስን ሂድ፣ ዙር፣ ቁም፣ ና ማለት ይቻላል።

ምን ይጠቅማል የሚል ይኖራል። ገመድ ይዤ ስጎትተው የሚከተለኝ ፈረስ እኔን ይከተል ገመዱን ይከተል አላውቅም። ገመዱ ሲፈታ ግን ይታወቃል። «ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» ይባል የለ? ልክ እንደዚያ ነው። ለኔ የዚህ ሥራ ትልቁ ጥቅም ፈረሱ ብልሃት መማሩ አይደለም። እስከ ዛሬ በሰውነቴ ምን ስለው እንደኖርኩ ፈረሱ ይነግረኛል። ከሱ ሌላ ይህን የሚነግረኝ የለም።

ፈረስ ለምን ሰውነታችንን እንዲህ ያነብባል? ሣር በል ስለሆነ ነው። ጅብና አንበሳ ሲያድኑት የኖረ እንስሳ ነው። ዓይኖቹ በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ የተቀመጡት ለዚህ ነው። ከ360 ዲግሪ ወደ 350 የሚሆነውን ያያል። የማያየው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ ልክ ከግንባሩ ፊትና ልክ ከጭራው ኋላ። ስለዚህ ድምፅ ሳናሰማ ከኋላው ስንመጣ ቢራገጥ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ማን እንደመጣ ስላላየ ነው። ቆዳውም እንደዚያው ነው። አንዲት ዝንብ ስታርፍበት ያቺን ቦታ ብቻ ነጥሎ ያንቀጠቅጣል። ዝንብ የሚሰማውን እንስሳ ነው እኛ አንዳንዴ በክርን የምንደቁሰው።

መስክ ላይ የተለቀቁ ፈረሶችን አንድ ሰዓት ተቀምጣችሁ እዩ። አስተርጓሚ አያስፈልጋችሁም። አንዲት ትልቅ ባዝራ ሣር ትግጣለች። አንድ ጎረምሳ ይጠጋታል። ጆሮዋን ወደ ኋላ ታጋድማለች፣ በቃ። ካልገባው አንገቷን ትዘረጋለች። አሁንም ካልገባው ዳሌዋን ታዞራለች። እርግጫ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም አይደረስበትም። ጎረምሳው ዘወር ሲል ጆሮዋ ወዲያው ይመለሳል። ቂም የለም። ሁለቱም ሣራቸውን ይግጣሉ። ይህችን «ወዲያው» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ስለ ሃንስ የሰማ አለ? በርሊን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1900ዎቹ መጀመሪያ የታወቀ ፈረስ ነበር። ባለቤቱ ቪልሄልም ፎን ኦስተን የሚባሉ የሒሳብ መምህር ናቸው። ፈረሴ ሒሳብ ይችላል አሉ። አምስት ሲደመር ሦስት ስንት ነው ሲባል ሃንስ ስምንት ጊዜ በኮቴው መሬቱን ይመታና ያቆማል። ሕዝብ ጎረፈ። ኋላ ኦስካር ፉንግስት የሚባል ተመራማሪ ነገሩን በጥንቃቄ መረመረና በ1907 አሳተመ። ጠያቂው ራሱ መልሱን ካላወቀ ሃንስም አያውቅም። ጠያቂው ከተከለለበትም አያውቅም። ለካ ሃንስ የሚያነብበው ቁጥር አይደለም፣ ሰውን ነው። ምቱ ትክክለኛው መልስ ላይ ሲደርስ ጠያቂው ሳያውቀው ጭንቅላቱን በጥቂቱ ቀና ያደርጋል፣ ውጥረቱ ይላላል። ሃንስ ይህን አይቶ ያቆማል።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ «ታዲያ ፈረሱ ምንም አያውቅም ነበር ማለት ነው» ይላል። እኔ ግን በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ሰው ራሱ ላይ የማያስተውለውን እንቅስቃሴ ከሰው ሁሉ ላይ የሚያነብብ ፍጡር፣ ይህ ትንሽ ዕውቀት ነው? የቤታችን ጌታ እንኳ ስናኮርፍበት በሦስተኛው ቀን ነው የሚገባው!

በእንግሊዝ አገር የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ነገር አሳይተዋል። ለ28 ፈረሶች የተቆጣና የተደሰተ ሰው ፎቶ አሳዩዋቸው። የተቆጣውን ሲያዩ የልብ ምታቸው ቶሎ ይጨምራል፣ ፎቶውንም በግራ ዓይናቸው ማየት ያዘወትራሉ። እንስሳት የሚያሠጋቸውን ነገር በብዛት በግራ ዓይናቸው ነው የሚከታተሉት። ልብ በሉ፣ ፎቶ ነው። ከቤቱ ተጣልቶ፣ ግንባሩን ቋጥሮ ወደ ጋጣ የሚገባ ሰው ገና ከበሩ ተነብቧል ማለት ነው።

አሁን የኔን ስሕተት ልንገራችሁ።

ዳማ ባዝራ ነበረች። ከእሽቅድምድም የወጣች፣ እግሯ ረጃጅም፣ ዓይኗ ትልልቅ። ክብ አጥር ውስጥ አስገባኋትና ገመዷን ፈታሁላት። እንድትመጣ ፈልጌያለሁ። ስለዚህ ፊት ለፊቷ ቆምኩ፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ እጄን ዘረጋሁና «ነይ፣ ነይ» አልኳት። ሮጠች። እጄን ከፍ አደረግሁ። ባሰባት። ዞሬ ልቀድማት ሞከርኩ። በሽምጥ ሄደች። አሸዋው ይበተናል፣ አንገቷ በላብ አረፋ ሆኗል። «ምን ዓይነት እልኸኛ ናት» አልኩ በልቤ። እልኹ ግን የኔ ነበር።

አሠልጣኜ አጥሩን ተደግፈው ያዩኛል። ዝም አሉ። ስናደድ ጠበቁና ተናገሩ። «ቁሚ። ትንፋሽሽን አውጪ። ጫማሽን ተመልከቺ።»

ትንፋሼን አወጣሁ። ትከሻዬ ወረደ። ጥርሴን ነክሼ እንደነበር ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ጎኔን ሰጥቻት ጫማዬን ማየት ጀመርኩ። ባዝራዋ ግማሽ ዙር በሶምሶማ ሄደች፣ ቀዘቀዘች፣ ቆመች። ፉር አለች። ዞሬ ላያት ፈልጌ ነበር። አላየኋትም። ቀጥሎ የሰማሁት የአሸዋ ድምፅ ነው። አንድ ኮቴ። ዝም። ሌላ ኮቴ። ዝም። ብዙ የቆየ መሰለኝ። ከዚያ ክርኔ ላይ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ተሰማኝ።

ያን ጊዜ በጆሮዬ የመጣው የአባቴ ድምፅ ነው። በዓይንሽ እየገፋሽው እንዴት ይምጣ?

በአፌ «ነይ» እላታለሁ፣ በሰውነቴ «ሂጂልኝ» እላታለሁ። እሷ የሰማችው ሰውነቴን ነው። ገመድ ይዤ ቢሆን ኖሮ ጎትቼ አመጣት ነበር፣ የምናገረውንም እስከ ዛሬ አላውቀውም ነበር።

ወደ አሠራሩ ልግባ። መጀመሪያ ቦታው። ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር ከ15 እስከ 18 ሜትር የሆነ ክብ አጥር ጥሩ ነው። ክብ የሚመረጠው ጥግ ስለሌለው ነው፤ ፈረስ ጥግ ላይ ሲገባ የተያዘ ይመስለዋል። አራት ማዕዘን ግቢ ብቻ ካላችሁ ጥጎቹን በእንጨት ዝጉ። መሬቱ አያንሸራትት። ሽቦ አጥር በፍጹም አይሆንም። ጠንካራ ጫማ፣ ከተቻለም የራስ ቆብ። ገመድ ስትይዙ እጃችሁ ላይ አትጠምጥሙ፤ ፈረስ ከበረገገ ጣት ይዞ ይሄዳል። ርቀታችሁን ደግሞ ጠብቁ። ፈረስን ሂድ ስትሉት ቢያንስ ሦስት አራት ሜትር ይኑራችሁ። ብዙ ፈረስ ሲለቀቅ በደስታም እግሩን ወደ ኋላ ይወረውራል። እኔ አንዴ ተጠግቼ ታፋዬን ተመትቻለሁ። አንድ ወር አነከስኩ። ጥፋቱ የፈረሱ አልነበረም።

ገመዱን በመጀመሪያው ቀን አትፈቱም። መጀመሪያ በረጅም ገመድ ታሠለጥኑታላችሁ፣ ገመዱ ረግቦ መሬት እስኪነካ ድረስ። ገመዱ ሳይወጠር ወደ ኋላ ከሄደ፣ ሳይወጠር ከመጣ፣ ዳሌውን ሳይነኩት ካዞረ፣ ያን ጊዜ ለመፍታት ትንሽ ነው የቀረው።

ሰውነታችሁን በተመለከተ አንድ ነገር አስቡ። እምብርታችሁ ላይ ባትሪ ታስሯል፣ እየበራም ነው እንበል። መብራቱ ያረፈበት የፈረሱ አካል «ዘወር በል» የተባለ ነው። መብራቱ ዳሌው ላይ ሲያርፍ ፈረሱ ወደ ፊት ይሄዳል። ወደ ትከሻው ሲያልፍ ይቀዘቅዛል። ከትከሻው ፊት ስትቀድሙት ይቆማል ወይም ይዞራል። ልዩነቱ አንድ እርምጃ ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሂድ እያለ ወደ ፈረሱ ጭንቅላት በኩል ይራመዳል፣ ፈረሱ ግራ ገብቶት ሲቆም ይቆጣል።

መብራቱን ከሱ ላይ ስታነሡ፣ ማለትም ጎናችሁን ስትሰጡትና አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ስትሉ፣ ያ «ና» ማለት ነው። ለፈረስ ባዶ ቦታ ግብዣ ነው።

ሁልጊዜ ከትንሹ ጀምሩ። መጀመሪያ ማየት ብቻ። ካልሰማ ቀና ማለት። ካልሰማ አንድ እርምጃ። ካልሰማ እጅ። ከዚያ በኋላ ነው ገመዱን ማወዛወዝ የሚመጣው፣ እሱም መሬቱን እንጂ ፈረሱን አይነካም። ባዝራዋ መስክ ላይ ያደረገችውን ታስታውሳላችሁ፤ ጆሮ፣ አንገት፣ ዳሌ። ተራውን ነው የምንከተለው። በትልቁ የጀመረ ሰው ፈረሱ ትንሹን እንዲሰማ ዕድል አልሰጠውም።

አሁን ወደዚያች «ወዲያው» ወደምትል ቃል ልመለስ። ከዛሬው ንግግር አንዲት ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህችን ያዙልኝ። ፈረስን የሚያስተምረው መግፋታችን አይደለም፣ ፋታ መስጠታችን ነው።

አንድ ፈረስ ወደ ኋላ እንዲሄድ ጠየቅሁት እንበል። ደረቱን አየሁ፣ ቀና አልኩ፣ ጠበቅሁ። ምንም የለም። ወደ ፊት ዘንበል አልኩ። አሁን እዩት፣ እግሩ ገና አልተነሣም፣ ግን ክብደቱ ወደ ኋላ እግሮቹ ሸሸ። ደረቱ በሁለት ጣት ያህል ራቀ። ያን ጊዜ ነው የማቆመው። ትንፋሽ አወጣለሁ፣ ትከሻዬን እጥላለሁ፣ ዓይኔን አነሣለሁ። «እሱን ነው ያልኩህ» ማለቴ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ እግሩን ያነሣል። ሦስት ሰከንድ ብዘገይስ? በሦስት ሰከንድ ውስጥ ክብደቱን መልሶ፣ ዝንብ አባርሮ፣ ወደ በሩ ዞሯል። ፋታዬ ያረፈው በሩን ማየቱ ላይ ነው። አስተማርኩት፣ ግን ሌላ ትምህርት ነው የተማረው።

ጋሪ ላይ ይህን በየቀኑ እናያለን። ፈረሱ ይጎትታል፣ አለንጋው ይወርዳል። ይፈጥናል፣ አለንጋው ይወርዳል። ይቆማል፣ አለንጋው ይወርዳል። ታዲያ ምን ይማር? መፍጠኑም መቆሙም አለንጋውን ካላስቀረለት አእምሮውን ዘግቶ መቻል ነው የሚቀረው። እንዲህ ያለውን ፈረስ ነው ደንዛዛ የምንለው። ደንዝዞ አልተወለደም። መልስ ያጣ ፈረስ ነው።

ፈረሱ ምን እያለ እንደሆነስ በምን ይታወቃል? ዙሪያውን ሲሄድ ወደናንተ በኩል ያለው ጆሮ እናንተ ላይ ከቀረ እየሰማ ነው። ክቡ እየጠበበ ከመጣ ልቡ ወደናንተ ነው። አንገቱ ዝቅ ካለ ረግቷል። አቅጣጫ ሲቀይር ወዴት እንደሚዞር ተመልከቱ። ጭንቅላቱን ወደናንተ አድርጎ ከዞረ ከናንተ ጋር ነው። ጭራውን ሰጥቷችሁ ወደ አጥሩ ከዞረ እየሸሸ ነው፣ አበዛችሁበት። ከንፈሩ ጠንክሮ ከተጨመደደ፣ አፍንጫው ከተሸበሸበ፣ ጭራው ያለ ዝንብ ከተወራጨ፣ የዓይኑ ነጭ ከታየ አቁሙ። ከአጥር በላይ አሻግሮ የሚያይ ፈረስ ደግሞ መውጫ እየፈለገ ነው።

ከንፈሩን መላሱንና ማላመጡን በተመለከተ ብዙ ተብሏል። ድሮ «ተገዛልኝ ማለት ነው» ይባል ነበር። አሁን ጉዳዩን ያጠኑ ሰዎች የሚያዘነብሉት ከውጥረት ወደ እርጋታ ሲመለስ የሚታይ ነው ወደሚለው ነው። እኔም ያየሁት ከዚህ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ፈረሴ አላመጠ ብላችሁ አትኩሩ። መጀመሪያ ምን አስጨንቆት እንደነበር ጠይቁ።

እዚህ ላይ በግልጽ የምቃወመውን ነገር ልናገር። ፈረስን ክብ አጥር ውስጥ አስገብቶ እስኪደክመው ማሯሯጥ፣ ከዚያ ተስፋ ቆርጦ ሲመጣ «እነሆ መሪው አደረገኝ» ማለት አለ። ቪዲዮ ላይ ያምራል። የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ያቀረቡት ሙከራ ግን ይህን ጥያቄ ውስጥ ከትቶታል። በሰው ፋንታ በሪሞት የምትነዳ ትንሽ መኪና ተጠቀሙ። ፈረሱ ሲሸሽ መኪናዋ ታሳድዳለች፣ ወደሷ ሲዞር ትቆማለች። ፈረሶቹ መኪናዋን መከተል ተማሩ። መኪናን ንጉሥ ያደረገ ፈረስ የለም። የተማሩት ፋታ የት እንዳለ ነው። ይህን ማወቅ ሰውን ትሑት ያደርገዋል። ፈረሱ እኛን የሚመርጠው አጠገባችን ዕረፍት ስላለ ከሆነ፣ ዕረፍት የሚገኝብን ሰዎች መሆን አለብን። እሱን አስሩጦ አስሩጦ ዕረፍትን መሸጥ ግን ለኔ ጭካኔ ነው።

እኔ በአንድ ጊዜ ከ15 ወይም 20 ደቂቃ በላይ አልሠራም። አብዛኛው በእርምጃ ነው፣ ትንሽ ሶምሶማ። ደንገላሳ የሚመጣው ከወራት በኋላ ነው፣ እሱም ፈረሱ ራሱ ሲያመጣው። ቶሎ ቶሎ አቅጣጫ ቀይሩለት፣ ቆም በሉ፣ አጠገቡ ዝም ብላችሁ ቁሙ። ምንም ሳትጠይቁት አብራችሁት መቆም ከሥልጠናው ይቆጠራል። ለኔ እንዲያውም ግማሹ እሱ ነው።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ተቀብዬ ነበር። ሁለቱን እጽፋለሁ።

ከፊት የተቀመጡ ጋሪ ነጂ አባት ተነሡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ የተናገርሽው እውነት ነው። እኛ ግን ፈረሱ ከሠራ ነው ልጆች የሚበሉት። ክብ አጥር የለን፣ ሃያ ደቂቃም የለን። እንዴት እናድርግ?»

አባባ፣ ይህን ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። አጥር አያስፈልግዎትም። ጠዋት ሲያወጡትና ማታ ሲፈቱት ያለችው አምስት ደቂቃ ትበቃለች። ጠዋት ወደሱ ሲሄዱ ከትከሻው በኩል ይምጡ፣ ከፊቱም ከኋላውም አይሁን። ሁለት ሜትር ሲቀርዎት ይቁሙና ትንፋሽዎን ያውጡ። ጆሮውን ሲሰጥዎት ይቅረቡ። ወደ ኋላ ሄዶ ጋሪው ውስጥ እንዲገባ ሲፈልጉ አፉን ከመግፋትዎ በፊት ደረቱን ይዩትና ሦስት ይቁጠሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ላይሆን ይችላል። ሲሰማዎት ግን ያን ጊዜውኑ ይተዉት። ማታ ዕቃውን ካወለቁለት በኋላ ወዲያው አይሂዱ። አንድ ደቂቃ አጠገቡ ይቁሙ፣ ምንም አይጠይቁት። ቀኑን ሙሉ ሲጠየቅ ነው የዋለው። ደግሞም አባባ፣ ቁስል ካለው ይህ ሁሉ አይሠራም። ጀርባው የቆሰለ ፈረስ ጆሮውን ሲያጋድም የሚናገረው ስለ ቁስሉ ነው። መጀመሪያ እሱ ይታከም።

አንዲት ወጣት ደግሞ «ስኳር ወይም ካሮት ብሰጠውስ?» አለችኝ። ስጪው፣ የኔ እናት። ምግብ መስጠት ኃጢአት አይደለም። ግን ከኪስሽ አይሁን፣ ኪስሽን መፈተሽ ይለምዳል፣ ቀጥሎ መንከስ። መሬት ላይ ወይም ዕቃ ውስጥ አድርጊለት። ጭንቅላቱን ከአንቺ ሲያርቅ ስጪው እንጂ ሲገፋሽ አትስጪው። ያው ነው ነገሩ፤ ፋታም በይው ካሮት፣ የሚያስተምረው ሰዓቱ ነው።

ወደ ግቢው ከመውጣታችን በፊት አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ሥራ «የፈረንጅ ነው» የሚሉ አሉ። ቃሉና አጥሩ የነሱ ይሁን። እኛ ግን ዐፄ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክን አባ ዳኘው እያልን በፈረሳቸው ስም የጠራን ሕዝብ ነን። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ጥር 23 እንጅባራ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ስንት ሺህ ፈረስ በአንድ ሜዳ፣ ያ ሁሉ ጌጥ፣ ያ ሁሉ ሽልማት። ሁሉም ግልቢያውን ያደንቃል። እኔ በልጅነቴ የማየው ከግልቢያው በኋላ ያለውን ነበር። አባቴ ከኮርቻው ይወርዳል፣ ልጓሙን ያወልቃል፣ ወደ ሰው ዞሮ ወሬውን ይጀምራል። ፈረሱ አይሄድም። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ያ ሁሉ ሆታ፣ ያ ሁሉ ባዝራ እያለ ከአባቴ ትከሻ ኋላ አንገቱን ደፍቶ ይቆማል። አባቴም እጁን ሳያዞር ወደ ኋላ ልኮ ግንባሩን ያክለታል። ማንም አያየውም ነበር፣ ከኔ በስተቀር።

በሉ እንውጣ። ያቺን ግራጫ ባዝራ ጠዋት አይታችኋታል። ሦስት ዓመት ጋሪ ስትጎትት ኖራለች፣ እዚህ ከመጣች አራት ወሯ ነው። ዛሬ ሰው ስለበዛ ላትመጣ ትችላለች፣ ካልመጣችም አልጎትታትም። አጥሩን ተደገፉ፣ ልጆች ግን ላዩ ላይ አትውጡ። ስልካችሁን ድምፁን አጥፉት። እባካችሁ ሁላችሁም በአንድ ጊዜ ዓይን ዓይኗን አትዩዋት። ገመዱን ስፈታላት ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ።